መሪውን ተዉት፣ መጀመሪያ ፍሬኑን እዩ

ለኮምፒውተር የመኪና ውድድር መሪ ሊገዙ ያሰቡ ልጆች ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው። ጉልበቱ ስንት ነው? ስንት ዲግሪ ይዞራል? ቆዳ ነው ወይስ ፕላስቲክ? ስለ ፔዳሉ የሚጠይቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እኔ ግን ቅድሚያ የምሰጠው ለፔዳሉ ነው። ከፔዳሎቹም ለፍሬኑ። መሪ መኪናውን ወዳሰባችሁት ቦታ ይወስዳል። ጥሩ ሰዓት የሚገኘውም የሚጠፋውም ግን ፍሬን ላይ ነው።

ነገሩን ለማሳየት ሞንዛን ልውሰድ። ሚላን አጠገብ ያለው የጣሊያኖቹ ትራክ ነው፤ አንድ ዙሩ 5.793 ኪሎ ሜትር። እኔ የምነዳው አሴቶ ኮርሳ ላይ ነው። ኩኖስ ሲሙላዚዮኒ የሚባል የጣሊያን ድርጅት ሠርቶ በ2014 ያወጣው ጨዋታ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ ወዲህ ስንት አዲስ ጨዋታ ወጥቷል። እኔ ግን አልለቀቅኩትም። መካከለኛ ኮምፒውተር ይበቃዋል። ሞንዛን ጨምሮ ብዙዎቹ ትራኮቹ ደግሞ እውነተኛው አስፋልት በሌዘር ተለክቶ የተሠሩ ስለሆኑ የመንገዱ እብጠትና ጉድጓድ ሳይቀር መሪው ላይ ይመጣል።

ሞንዛ ላይ ዋናውን ቀጥታ መንገድ በጂቲ3 መኪና (ከስፖርት መኪና ተሻሽሎ የሚሠራ የውድድር መኪና ነው) ስትጨርሱ ፍጥነታችሁ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከፊታችሁ ወደ ቀኝ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ግራ የሚታጠፍ ጠባብ ኩርባ አለ። እዚያ የሚገባው በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ ነው። ያንን ሁሉ ፍጥነት ለማውረድ ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። በኪቦርድ የሚጫወት ሰው ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ሙሉ ፍሬን፣ ወይ ምንም። እግር ግን በመሐል ያለውን ሁሉ ማድረግ ይችላል።

መጀመሪያ ላይ በኃይል ነው የምትረግጡት። በዚያ ፍጥነት አየሩ ራሱ መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ጎማው አስፋልቱን አጥብቆ ስለያዘ ብዙ ፍሬን ይችላል። ፍጥነቱ ሲወርድ የአየሩም ጫና አብሮ ይወርዳል። ቅድም የቻለውን ፍሬን አሁን አይችልም። ስለዚህ እግራችሁን ቀስ እያደረጋችሁ ማላላት አለባችሁ። ኩርባው ውስጥ መግባት ስትጀምሩም ጨርሳችሁ አትለቁትም። ትንሽ ታስቀራላችሁ። ያቺ ትንሽ ፍሬን የመኪናውን ክብደት የፊት ጎማዎቹ ላይ ታቆየዋለች፤ አፍንጫውም ይታዘዛል። መሪው እየታጠፈ በሄደ ቁጥር እግር እየለቀቀ ይሄዳል።

ስለዚህ መርገጡ ቀላሉ ነው። ሰው የሚለያየው አለቃቀቁ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ቦታ ላይ ፍሬን ይዘው፣ አንዱ እግሩን በአንዴ ቢያነሳና ሌላው እያሳሳ ቢለቅ፣ ከኩርባው ሲወጡ ልዩነታቸው በዓይን ይታያል።

ይህን መማር ለሚፈልግ ሰው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤሌክትሮኒክስ) የሌለው መኪና ይሻላል። እኔ ሎተስ 49ን ነው የምመክረው። በ1967 ዛንድቮርት የሚባለው የሆላንድ ትራክ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በተወዳደረበት ዕለት፣ ጂም ክላርክ ያሸነፈበት የፎርሙላ 1 መኪና ነው። እንደዛሬዎቹ የሚረዳችሁ ኤሌክትሮኒክስ የለውም። ፍሬኑን ያለልክ ከረገጣችሁት የፊት ጎማው ይቆለፋል። የተቆለፈ ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም። የፈለጋችሁትን ያህል ብትጠመዝዙ መኪናው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። መፍትሔው እግርን ትንሽ ማላላት ነው። ይህ ለእግር በጣም ከባድ ትምህርት ነው፤ የደነገጠ ሰው እግር ሁልጊዜ የበለጠ መርገጥ ነው የሚፈልገው። ከሎተሱ ጋር ጥቂት ምሽት ያሳለፈ ሰው ወደ ጂቲ3 ሲመለስ እግሩ ሌላ ሆኖ ይመለሳል።

አሁን ስለ ዕቃው ላውራ። የፍሬን ፔዳል አሠራር በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፔዳሉ ምን ያህል ርቀት እንደወረደ ነው የሚለካው። ውስጡ ፖቴንሾሜትር የሚባል ነገር አለ፤ የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ውስጥ ያለው ዓይነት ማለት ነው። ሁለተኛው ሎድ ሴል ይባላል። እሱ ርቀቱን ትቶ እግራችሁ ያሳረፈውን ኃይል ይለካል።

ለምን ለውጥ ያመጣል ብትሉ፣ እውነተኛውን መኪና አስቡት። ፍሬን ስትረግጡ ዘይቱ ሸራውን ገፍቶ ከዲስኩ ጋር እስኪያገናኘው ድረስ ፔዳሉ ትንሽ ይወርዳል። ከተገናኙ በኋላ ግን ፔዳሉ ብዙም አይንቀሳቀስም። ከዚያ ወዲያ የሚጨምረውና የሚቀንሰው የእግራችሁ ጉልበት ነው። እግር ደግሞ ኃይልን ነው የሚያስታውሰው። ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ብዙም ትዝ አይለውም፤ ምን ያህል እንደገፋ ግን አይረሳም። ለዚህ ነው ሎድ ሴል ያለው ሰው በየዙሩ እኩል ቦታ ላይ እኩል ፍሬን ለመያዝ የሚቀለው።

ሎድ ሴል ዋጋው ከፍ ይላል፤ እኔም የለኝም። ያለኝ ሎጂቴክ ጂ29 ነው፤ በ2015 የወጣው። ሦስት ፔዳል አለው፤ ነዳጅ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን። ፍሬኑ የሚለካው ርቀት ነው፤ ግን ውስጡ ከስፕሪንጉ ጋር አንድ የጎማ ቁራጭ አለ። ፔዳሉ የተወሰነ ያህል ከወረደ በኋላ ጎማው ላይ ያርፍና ይጠነክራል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ፍሬኑ ደርቋል» ይላል። አልደረቀም። እግራችሁ ከርቀት ይልቅ ኃይል እንዲሰማው ተብሎ የተደረገ ነው። እኔ ይህን ጎማ በጣም እወደዋለሁ። አሴቶ ኮርሳ ውስጥ ደግሞ የፍሬን ጋማ የሚባል ማስተካከያ አለ። እሱን ከፍ ካደረጋችሁት ፔዳሉ መጀመሪያ ላይ ለስለስ ብሎ መጨረሻው አካባቢ ይበረታል። በጎማውና በጋማው መካከል የሚመቻችሁን ስታገኙ ርካሹ ፔዳል ብዙ ርቀት ይወስዳችኋል።

ይህ ሁሉ ግን ወንበራችሁ ከተንሸራተተ ዋጋ የለውም። የቢሮ ወንበር እግሩ ላይ ጎማ አለው፤ ፍሬን በረገጣችሁ ቁጥር ወደ ኋላ ይሄዳል። ፔዳሉ ደግሞ በሴራሚክ ወለል ላይ ወደፊት ይሸሻል። እግራችሁ የሰጠው ኃይል ግማሹ ፔዳሉ ጋ ሳይደርስ ይቀራል ማለት ነው። ቀላሉ መፍትሔ ወንበሩንና ፔዳሉን በጠንካራ ገመድ ወይም ቀበቶ ማያያዝ ነው። ሁለቱ ሊራራቁ አይችሉም፣ አለቀ።

እኔ ሳሪስ ሰፈራችን ያለ በያጅ ጋ ሄጄ ከአርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ ከሆነ ባለ አራት ማዕዘን) ብረት ፍሬም አሠራሁ። ወንበሩን ከሶማሌ ተራ ነው ያመጣሁት፤ የቪትዝ የሹፌር ወንበር፣ ከነሐዲዱ። ሐዲዱ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ረጅም ነኝ፣ ታናሽ እህቴ አጭር ናት፤ ወንበሩን ወደፊትና ወደ ኋላ ስበን ሁለታችንም እንነዳለን። የፔዳሉ ማስቀመጫ ላይ በያጁ ትንሽ ዘንበል አድርጎ ላሜራ በየደበት። ተረከዝ መሬት ላይ አርፎ የእግር ጣት ሥር ያለው ሥጋ ፍሬኑ መሐል ላይ እንዲውል ብላችሁ ንገሩት። በያጁ የመኪና ፔዳል አቀማመጥ ያውቃል፣ ወዲያው ይገባዋል። ከውጭ ከሚመጣው የአሉሚኒየም ፍሬም ይከብዳል፣ ቀለሙም ያን ያህል አያምርም። ግን ንቅንቅ አይልም፤ የምፈልገውም ይህንኑ ነበር።

ወደ መሪው ልመለስ፤ እሱንም አልንቅም። የመሪው ትልቁ ሥራ ዜና ማምጣት ነው። ጨዋታው የፊት ጎማዎቹ ላይ የሚያርፈውን ኃይል በሴኮንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያሰላ ወደ መሪው ሞተር ይልካል። ጎማው መንገዱን ጨብጦ ሲታጠፍ መሪው ይከብዳል። ጎማው መያዝ ሊያቅተው ሲል ደግሞ መሪው በድንገት ይቀላል። ዋናው ዜና ይህ መቅለል ነው። «ከዚህ በላይ አትጠምዝዝ» እያለ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ከትራኩ ሲወጣ ያያችሁት ሰው ብዙ ጊዜ መሪው ቀልሎበት ሳለ የበለጠ የጠመዘዘ ነው። የኋላው ጎማ ሲንሸራተት ደግሞ መሪው ራሱ ወደ ሸርተቴው አቅጣጫ መዞር ይጀምራል። አትታገሉት። እጃችሁ ውስጥ ትንሽ እንዲሸሽ ፍቀዱለት፣ ከዚያ ያዙት።

ስለ ሞተሩ ጉልበት አጠር አድርጌ ልናገር። የጂ29 ዓይነቶቹ በጥርስ ነው ኃይሉን የሚያስተላልፉት፤ ጉልበታቸው ወደ 2 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ) ነው። እንደ ትረስትማስተር ቲ300 ያሉት በቺንጋ ነው፣ ይለሰልሳሉ። ዳይሬክት ድራይቭ የሚባሉት መሪውን በቀጥታ ከሞተሩ ዘንግ ጋር ያያይዙታል፤ የፋናቴክ ሲኤስኤል ዲዲ መነሻው 5 ኒውተን ሜትር ነው። ልዩነቱ እውነት ነው፣ እጅ ላይ ይታወቃል። ሆኖም ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መካከለኛ መሪ ከጥሩ ፍሬን ጋር ግዙ። ተቃራኒውን ያደረጉ ጓደኞች አሉኝ፤ ከእነሱም ጋር ይህን ክርክር እስከ ዛሬ አልጨረስነውም።

ሁለት ማስተካከያ ብቻ ልጨምር። መሪው የሚሰጠውን የኃይል መጠን እስከ ጣራው አትክፈቱት። ሞተሩ አቅሙ ላይ ሲደርስ ትልቁም ትንሹም ኃይል አንድ ይሆንበታል፤ ያ የመቅለል ዜና ይጠፋል። ዲግሪውን ደግሞ መሪው ላይም ጨዋታው ውስጥም 900 አድርጉት። አሴቶ ኮርሳ ለየመኪናው ራሱ ያመጣጥነዋል።

ይህ ሁሉ እውነተኛ መንዳት ነው ወይ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሁለት ሰዎችን ልጥቀስ። ያን ማርደንቦሮ የሚባለው እንግሊዛዊ በ2011 ጂቲ አካዳሚ የሚባለውን፣ ከጨዋታ ተጫዋቾች እውነተኛ ሹፌር የሚመርጠውን ውድድር አሸንፎ ነው ከጨዋታ ወደ እውነተኛ መኪና የገባው። በ2013 ለ ማን በሚባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ኤልኤምፒ2 በሚባለው የመኪና ምድብ ሦስተኛ ወጣ። አሜሪካዊው ዊልያም ባይረን ደግሞ በልጅነቱ አይሬሲንግ የሚባል የኮምፒውተር ውድድር ጨዋታ ላይ ነው መንዳት የጀመረው። ዴይቶና 500 የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ የመኪና ውድድር በ2024 እና በ2025 ተከታትሎ አሸነፈ። ከቤታቸው ይዘውት የወጡት ነገር እግርና ዓይን ነው ብዬ አምናለሁ። የትኛው ነጥብ ላይ ፍሬን እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚለቀቅ፣ ዓይን ከኩርባው ማዶ መጠበቅ እንዳለበት። ለዚህ ውድ መኪና አያስፈልግም።

የማይተላለፈውም ብዙ ነው። ይህን ከእኔ በተሻለ የነገሩኝ ጋሼ ናቸው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከባድ መኪና ላይ ነው። በፊያት ኤንትሬ አሰብ ሲመላለሱ ኖረው፣ ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ ደግሞ ጅቡቲ። አንድ እሁድ ቤት መጥተው ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2ን ከፈትኩላቸው። የቼኮቹ ኤስሲኤስ ሶፍትዌር በ2012 ያወጣው ጨዋታ ነው። የኤንትሬ መሪ በቀኝ በኩል ስለሆነ መሪው በቀኝ ያለ መኪና መረጥኩላቸው።

«ጋሼ፣ ይሞክሩት እስቲ» አልኳቸው።

ተቀመጡ። ወንበሩን አስተካከሉ። መጀመሪያ እግራቸውን ፍሬኑ ላይ አድርገው ረገጥ ለቀቅ አደረጉት። መሪውን ገና አልነኩትም። ከዚያ ነዱ። ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ምንም ሳልላቸው ማርሽ ቀነሱ፤ እግራቸውን ከፍሬኑ አነሱ።

«ፍሬን ይያዙ እንጂ» አለች እህቴ።

«የወጣሽበትን ማርሽ ይዘሽ ነው የምትወርጂው፣ የኔ ልጅ» አሉ። «ጣርማ በርን ፍሬን እየረገጥሽ ከወረድሽ ደብረ ሲና ሳትደርሺ ሸራው ይግላል። የጋለ ሸራ ደግሞ አይዝም። ፍሬንሽን ለክፉ ቀን አስቀምጪው።»

ጨዋታው ይህን በከፊል ያውቃል። የአየር ፍሬኑን አሠራር እውነተኛ እንዲሆን ካደረጋችሁት፣ ፍሬን ደጋግሞ የረገጠ ሹፌር አየሩ ያልቅበታል። ጋሼ የአየሩን ጌጅ ሲያዩ ደስ አላቸው። «ይቺን አስበውበታል» አሉ።

ቅሬታቸው ሁለት ነበር። አንደኛው ፍሪሲዮኑ። እውነተኛ ፍሪሲዮን መያዝ ሲጀምር እግር ሥር ይታወቃል፤ ይህ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ስፕሪንግ ነው። ልክ ናቸው። መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ያሰባችሁ ልጆች በዚህ ፔዳል ፍሪሲዮን እንማራለን ብላችሁ አታስቡ። የእግሩን ቅደም ተከተል ትለምዳላችሁ፣ አያያዙን ግን መኪናው ላይ ነው የምታገኙት። (ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት ከ2024 ጀምሮ ስለተከለከለ፣ ኤሌክትሪኩ ላይ ደግሞ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ለአንዳንዱ ልጅ ሦስተኛውን ፔዳል የሚያገኘው ጨዋታ ላይ ብቻ ሊሆን ነው። እኔን ይህ ያሳዝነኛል።)

ሁለተኛው ቅሬታቸው «መኪናው ወገቤ ላይ አይመጣም» የሚል ነው። የዚህ ጨዋታ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። እውነተኛ ሹፌር ፍሬን ሲይዝ ሰውነቱ ወደፊት ይገፋል፤ የኋላው ሲንሸራተት ከዓይኑ በፊት ወገቡ ያውቃል። እኛ ያንን ሁሉ ከመሪው፣ ከጎማው ድምፅና ከስክሪኑ ነው የምንለቅመው። ስለዚህ ድምፁን አትቀንሱ። ጎማው ሊቆለፍ ሲል ጩኸቱ ይለወጣል፤ ፍሬን ለመልቀቅ ከሁሉ ፈጥኖ የሚደርሳችሁ ምልክት እሱ ነው። እኔ ማታ ማታ በሄድፎን ነው የምነዳው።

አሁን ወደ ገበያው። እዚህ አዲስ አበባ አዲሱን ማግኘት ቀላል አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ያስመጣል ወይም ያገለገለ ይገዛል። ከአሜሪካ የሚያስመጣ ሰው መጀመሪያ ቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩለት ይጠይቅ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ምንም አይደለም። 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። ከሎጂቴክ ጂ29 የፕሌይስቴሽን፣ ጂ920 የኤክስቦክስ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ሁለቱም ይሠራሉ፣ ስለዚህ ርካሽ ያገኛችሁትን ውሰዱ። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ዩፒኤስ ያዙ፤ የመሪውንም ሶኬት እሱ ላይ ሰኩት።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ ይሰካው። እጃችሁን አንሡ፤ መሪው ራሱ እስከ ጥጉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞሮ መሐል ላይ መቆም አለበት። የሚፋጭ ድምፅ ካለው ጥርሱን ጠርጥሩ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ የጌም መቆጣጠሪያ ማስተካከያውን ክፈቱና ፍሬኑን በጣም ቀስ ብላችሁ ርገጡ። መስመሩ ሳይቆራረጥ መውጣትና መውረድ አለበት። የሚዘል ከሆነ ፖቴንሾሜትሩ አቧራ ይዟል ወይም ተበልቷል። አቧራ ከሆነ በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ ይድናል፤ ተበልቶ ከሆነ መቀየር አለበት። ይህን ሳታዩ ዋጋ አትነጋገሩ። ሻጩ «መሪው አሪፍ ነው፣ ፔዳሉን ተወው» ካላችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ገና ያልወሰናችሁ ካላችሁ ደግሞ ላይቭ ፎር ስፒድ የሚባል ጨዋታ አለ። የሙከራው ቅጂ ነጻ ነው፣ ፋይሉም ትንሽ ነው፣ ያረጀ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል። ብላክውድ የሚባለው ትራክ አብሮት ይመጣል። መሪ ያለው ጓደኛ ቤት ሂዱና እሱን ጫኑበት። መኪናውን መርጣችሁ ረጅሙን ቀጥታ መንገድ ጨርሱ፤ መጨረሻው ላይ ፍሬን ያዙና እንዴት እንደምትለቁት ብቻ ተመልከቱ። ሌላውን ለጊዜው እርሱት። የፔዳላችሁን ዓይነትና የሚያስቸግራችሁን ኩርባ ጽፋችሁ ብትልኩልኝ፣ የማውቀው ከሆነ ማታ ከሥራ ስገባ እመልስላችኋለሁ።